እምቢተኛዋ ሸክላ

የድሮ የሙዚቃ ሸክላ የሚሰበስቡ ሰዎች ንጹሕ፣ ያልተጫረ፣ እጅ ያልነካው ነገር ይወዳሉ። ለኔ ግን ያልተጫረ ሸክላ ማለት ማንም ያልሰማው ሸክላ ማለት ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ፊታቸውን የሚያጨማድዱብኝ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ያጨማድዱ። እኔ ይህን የተማርኩት የወተት ጥርሴ ተነቅሎ ሳያልቅ፣ በአንድ መስታወት ቆራጭ ክፍል ውስጥ፣ ከአክስቴ ነው። አሁን የማወራውም እሷን ሊወስዷት ስለመጡበት እሑድ ነው። ያኔ ግን ሊወስዱ የመጡት ሸክላዋን መስሎኝ ነበር።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላታል፤ እኔም እንደ ሰፈሩ። ከግቢያችን ወደ መንገድ የሚከፈተው ክፍል የሷ ነበር። አያቴ መስታወት ቆራጭ ነበር፤ ሲሞት ሙያውንም ክፍሉንም ለሷ ተወላት። አባቴ ሙያውን አልፈለገውም። እሱ የመጋዘን ኃላፊ ነው፤ ክራቫቱን አጥብቆ አስሮ ወጥቶ፣ ክራቫቱን አላልቶ የሚመለስ ሰው። ክፍሉን ግን ይፈልገው ነበር። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

ክፍሉ የነጭ ጋዝ ሽታ ነበረው። እትዬ መቁረጫዋን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነከር ታደርግና መስታወቱ ላይ አንዴ ብቻ ስስ መስመር ትስባለች። መስመሩ ሲሳብ ጥርስ የሚያሳክክ ድምፅ አለው። ከዚያ መስታወቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳልፋ በሁለት እጇ ጫን ስትለው «ቀጭ» ብሎ ይለያል። «ሁለተኛ ከደገምሽበት ይሰባበራል» ትለኝ ነበር። «አንዴ፣ ሳትፈሪ።» ትልልቆቹ መስታወቶች በእንጨት መደርደሪያ ውስጥ በቁማቸው ተደግፈው ይቆማሉ። ሸክላዎቿም እዚያው አጠገባቸው በቁማቸው ይደረደራሉ። መስታወትም ሸክላም ከተጋደመ ክብደቱ ራሱን ይጎዳዋል ትላለች። ክዳኑ የተሰነጠቀው ሸክላ ማጫወቻ ደግሞ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጧል። ከበሮውና ጥሩምባው ሲበረታ በመደርደሪያው ውስጥ ያሉት መስታወቶች አብረው ይርገበገባሉ። እኔ ለረጅም ጊዜ ዘፈን ሁሉ ከኋላው እንዲህ ያለ ንዝረት ያለው ይመስለኝ ነበር። በኋላ በሌላ ሰው ቤት ሙዚቃ ስሰማ የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝ።

እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። አንዱ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ሳቂታ፣ ድምፁ የሞተር ጩኸት ለማሸነፍ የለመደ። አንዱ ሰዋስው የሚያስተምር መምህር ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር ጣቱን የሚያነሳ። ሦስተኛው የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሁሉም «ዶክተር» ነው የሚሉት። ሚስቱ ከሞተችበት ቆይቷል። ጥፍሩ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ሲገባ የቅርንፉድ ዘይት ሽታ ይዞ ይገባል። ለኔ ከረሜላ ያመጣልኛል። ሾፌሩ ይህን ባየ ቁጥር «ዶክተር ደንበኛ እያበጁ ነው» ይላል።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች በድሮ ፖፕ ያበዱ ነበሩ። ወላጆቻቸው ወጣት ሳሉ በየጭፈራ ቤቱ የተጫወቱ፣ አንድ ሁለት ትንንሽ ሸክላ አስቀርጸው የተበተኑ ባንዶች አሉ፤ የነሱን ሥራ ነው የሚያድኑት። አንድ ሸክላ ሰምተው ሲጨርሱ ክርክሩ ይጀመራል። ጥሩምባውን የነፋው እገሌ ነው፣ የለም እገሌ ነው። ሾፌሩ ከበሮውን በጉልበቱ ላይ እየደገመ «ይሄ እጅ የዚያኛው እጅ ነው፣ እምላለሁ!» ይላል። መምህሩ የግጥሙን ስሕተት ያርማል። ዶክተሩ ደግሞ ሙዚቃው ላይ ብዙም አይደለም፤ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ፣ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ያገላብጣል። «ጤነኛ ናት» ይላል። ወይም ምላሱን ይመታና «ተበልታለች፤ አሳዛኝ ነው» ይላል። ከሁሉም በላይ ሸክላ ያለው እሱ ነው። ቤቱ ውስጥ በቁልፍ የሚዘጋ ቁም ሣጥን አለው። ሾፌሩ አንዴ «ማታ ማታ የቱን ነው የሚሰሙት?» ብሎ ቢጠይቀው ዶክተሩ ተቆጣ።

«ንጹሕ ሸክላ አይሰማም፤ ይጠበቃል። በሰማሃት ቁጥር መርፌው ይበላታል።»

«ታዲያ እርስዎ ምኑን ነው የያዙት? ድስት ክዳን?» አለ ሾፌሩ፤ እትዬ እየሳቀች ወደ መስታወቶቿ ዞረች።

አንድ ሕግ ነበራቸው። መርፌው ሸክላው ላይ እያለ ማንም አይናገርም፤ ከመጨረሻው በፊትም የማጫወቻውን ክንድ ማንም አያነሳም። ከዚህ ሕግ ነጻ የነበረች አንዲት ሸክላ ብቻ ናት። እሷ የእትዬ ነበረች። ስሟ የተጻፈበት ወረቀት ተፍቆ ጠፍቷል፤ የዘፋኟንም ስም ማንም አያውቅም። ዘፈኑ በጥሩምባ ይጀምራል፣ ጊታሩ ይከተላል፣ ከዚያ ሻካራ የሴት ድምፅ፦

«ብትስቅ ብትቆጣ፣ ብትሄድ ብትከርም፣
እምቢ — እምቢ — እምቢ — እምቢ —»

እዚያ ላይ ትልቅ ጭረት አለ። መርፌው ተመልሶ እዚያው ይወድቃል፤ እትዬ ክንዱን እስክታነሳው ድረስ እምቢ ማለቱን አይተውም። ከጭረቱ በኋላ ያለው ደግሞ እስከ መጨረሻው ተልጧል፤ መርፌው ቢቀመጥበት ይሰነጥቃል እንጂ ቃል አይወጣውም። ሰዎቹ ስም አወጡላት፤ «እምቢተኛዋ»። ስለሷ የተከራከሩትን ያህል ስለ ምንም ተከራክረው አያውቁም። ከ«እምቢ» በኋላ ምንድነው የሚመጣው?

«በኛ ቋንቋ ሰው ሐሳቡ የሚታወቀው መጨረሻ ላይ ነው» ይላል መምህሩ ጣቱን አንስቶ። «ማሰሪያ አንቀጹ የለማ! እምቢ አለኝ? እምቢ አልኩት? እምቢ በሉልኝ? ማን ማንን እምቢ እንዳለ በምን ይታወቃል?»

«እምቢ አለኝ ነው፤ እያለቀሰች ነው» ይላል ሾፌሩ።

«ይቺ ታለቅሳለች? ድምፁን ስማው እንጂ!»

ዶክተሩ በዚህ ክርክር ውስጥ አይገባም። «እኔ ጋ ንጹሕ አለች» ይልና እግሩን አነባብሮ ፈገግ ይላል። ያምጧት ሲሉት አያመጣም፣ ይንገሩን ሲሉት አይነግርም። እትዬን ሲጠይቋት ትከሻዋን ትሰብቃለች። «እኔ ስገዛት እንዲህ ናት። እዚያ ላይ ብታበቃስ ምን ጎደለን?»

እኔ ግን የምከራከርበት ነገር አልታየኝም። ዘፋኟ ራሷ ናት እምቢ፣ እምቢ፣ እምቢ የምትለው። የሚያስገድዳት ሰው አለ፤ እሷ እስከ ነገ ብትቆይም እሺ አትልም። ግቢ ውስጥ ገመድ ስዘል የምዘፍነው እሱን ነበር። በዓለም ላይ እንደሱ ያለ ጀግና ዘፈን ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ተመልሼ በረንዳው ደረጃ ላይ የአባቴን ጫማ ቀለም እቀባለሁ። የሳሎኑ መስኮት ክፍት ነው። ዶክተሩ ከውስጥ አለ፤ በእሑድ ቀን እንጂ በሥራ ቀን መጥቶ ስለማያውቅ ገርሞኛል።

«የእምቢተኛዋን ነገር የት አደረስክልኝ?» ሲል ሰማሁት። የብሩሹ ድምፅ እንዳይረብሸኝ እጄን አቆምኩ።

አባቴ ሳቀ። «እሷን በኃይል አይሆንም። በዘዴ ነው።»

«እስከ መቼ ነው እዚያ ክፍል ውስጥ አቧራ ስትጠጣ የምትኖረው? ዕድሜዋም እየሄደ ነው። እኔ ጋ ብትመጣ እንክብካቤ አያንሳትም።»

«እሱስ ልክ ነው። ግን እንግዲህ ጭረት አለባት። አንዴ አንድ ነገር ላይ ከያዛት አትላቀቅም።»

«ጭረቷን ለኔ ተወው» አለ ዶክተሩ። «ስንት ያስቸገረ ጥርስ አሳምሬያለሁ። እሑድ ሰው ባለበት እንጨርሰው። ሰው ፊት አታሳፍረንም። ክፍሉንም ያኔ አጽድተህ ለፈለግከው ታደርገዋለህ።»

«ተስማማን» አለ አባቴ፤ የእጅ መጨባበጥ ድምፅ ሰማሁ።

አባቴ የራሱ ያልሆነችውን ሸክላ እንዴት ይሰጣል? ዛሬ ያን ንግግር ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ አንዱም ቃል ስለ ሸክላ አልነበረም። ሰዎቹ እትዬን ከበስተኋላዋ «እምቢተኛዋ» እያሉ እንደሚጠሯት እኔ አላውቅም። ከዶክተሩ በፊት የመጡ ሌሎች ሁለት የትዳር ጠያቂዎችን መመለሷንም አላውቅም። አባቴ ክፍሉን ለመድኃኒት ቤት የሚከራየው ሰው አዘጋጅቶ እንደነበር ደግሞ እናቴ የነገረችኝ እኔ ራሴ ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነው። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሑድ ሊወስዷት ነው። አንዱን ጫማ ቀለም እንደተቀባ፣ ሌላውን እንዳቧራው ትቼ ሮጥኩ።

እትዬ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ የመስኮት መስታወት ዘርግታ፣ መቁረጫዋን ይዛ ጎንበስ ብላለች።

«እትዬ! ዶክተሩ ሊወስዳት ነው!»

«ማንን?» ቀና አላለችም።

«እምቢተኛዋን! አባዬን ስጠኝ አለው፣ አባዬም ተስማማን አለው!»

መቁረጫው ቆመ። እትዬ ቀስ ብላ ቀና አለች፤ ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። እጇን በሽርጧ ጠረገችና በርጩማ ላይ አስቀመጠችኝ።

«አሁን ቃል በቃል ንገሪኝ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።»

ነገርኳት። አቧራውን፣ ዕድሜዋን፣ ጭረቷን፣ የጥርሱን ነገር፣ ክፍሉን፣ ሁሉንም። ስለ ጭረቱ ስነግራት አፍንጫዋ ተነፋ። «ሰው ፊት አታሳፍረንም» ያለው ላይ ስደርስ ሳቀች፤ የሚያስቅ ነገር አልመሰለኝም።

«አባትሽ እሺ አለ?»

«ተስማማን ነው ያለው።»

«እኔን የጠየቀኝ አለ?»

ግራ ገባኝ። እውነትም ሸክላዋ የሷ ናት፤ መጠየቅ ነበረባቸው። «የለም» አልኳት። «እንደብቃት! ከፍራሼ ሥር እንክተታት!»

እትዬ ጸጉሬን በነጭ ጋዝ በሸተተ እጇ ዳበሰችኝ። «የምትደበቅ አይደለችም፣ የኔ ጉድ። እሑድ ይምጡ።» ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች፣ መስመሩን ካቆመችበት ሳይሆን ከሌላ ጥግ አዲስ አድርጋ ሳበች። የመጀመሪያው መስመር ተበላሽቶባት ነበር። እትዬ መስታወት ስታበላሽ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ እናቴ ስትተኩስ አጠገቧ ተቀምጬ እሷንም ለማስተባበር ሞከርኩ። «እማዬ፣ እምቢተኛዋን ሊወስዷት እንደሆነ ታውቂያለሽ?» ካውያውን ሸሚዙ ላይ ልትረሳው ምንም አልቀራት።

«ይሄ የትልልቅ ሰው ጉዳይ ነው፤ አርፈሽ ተቀመጪ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ለራሷ ይመስል «ሰውየውስ ባልከፋ። ግን እሷን ማን ጠየቃት?» አለች። ሸክላ ይጠየቃል እንዴ ብዬ አሰብኩ። እናቴ ግን የአባቴን ሸሚዝ አንገትጌ ከሚያስፈልገው በላይ ደጋግማ ተኮሰችው።

እሑድ ፀሐዩ ደማቅ ነበር፤ መስታወቶቹ ግድግዳው ላይ የብርሃን ቁራጭ ይረጫሉ። ሾፌሩና መምህሩ እንደ ወትሯቸው መጡ። አባቴ ደግሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። አባቴ ሙዚቃ አይወድም። ሾፌሩ «ዛሬ ምን እግር ጣለህ?» ቢለው ክራቫቱን አስተካክሎ ተቀመጠ። እኔ እምቢተኛዋን በደረቴ አቅፌ መደርደሪያው ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ሊነጥቁኝ ከፈለጉ እንደምነክስ ወስኛለሁ።

ዶክተሩ በመጨረሻ ገባ። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ስስ ነገር ይዟል። ለኔ ከረሜላ ዘረጋልኝ። አልተቀበልኩም።

«ወዳጆቼ» አለ ቆሞ፤ እኛን ሳይሆን አባቴን እያየ። «ለስንት ጊዜ ስንከራከርበት የኖርነው ጥያቄ ዛሬ ይመለሳል። ንጹሕ እምቢተኛ ይዤ መጥቻለሁ። ለዚህች ክፍል ባለቤት ስጦታ ናት። እሷን በማስመልከት ከወንድሟ ጋር የተነጋገርነውም ነገር አለ፤ ዘፈኑ ራሱ ይናገርልኛል።»

ጨርቁን ገልጦ ሸክላዋን ከልባሷ አወጣት። ሸክላዋ ጥቁር፣ የምታብረቀርቅ፣ ፊት የሚያሳይ ነበረች። መምህሩ ትንፋሹን ሳበ። እኔ አሁን ገባኝ ብዬ አሰብኩ፤ ልዋጭ ሊያደርግ ነው፣ አዲሷን ሰጥቶ አሮጌዋን ሊወስድ። ይበልጥ አጥብቄ አቀፍኳት። ዶክተሩ ሸክላዋን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ ማጫወቻው ላይ አስቀመጣት፤ አቧራ እንዳያርፍባት ሁለቴ እፍ አለባት። ያ ጥንቃቄ ለማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ለእትዬ ይሁን ለሸክላዋ።

ጥሩምባው ጀመረ። መስታወቶቹ ተርገበገቡ። ያለምንም መሰንጠቅ፣ ልክ ዘፋኟ ከኛ ጋር ክፍሉ ውስጥ የቆመች ያህል፦

«ብትስቅ ብትቆጣ፣ ብትሄድ ብትከርም፣
እምቢ አልልህም…»

ዶክተሩ የማጫወቻውን ክንድ አነሳ። ድምፁ ተቆረጠ።

«ሰማችሁ?» አለ እጁን እያጨበጨበ። «እምቢ አልልህም! ማሰሪያው ይኸው! ስንት ዓመት እምቢተኛ ስንላት የኖርናት ሴት ለካ እሺ ባይ ናት!» አባቴ ሳቀ፤ በእፎይታ የሚሳቅ ሳቅ። መምህሩ አጨበጨበ። ሾፌሩ አላጨበጨበም፤ እትዬን ያያል።

እኔ እንባዬ መጣ። ጀግናዬ ከዳችኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ገመድ እየዘለልኩ የዘፈንኩላት ሴት እሺ እሺ ስትል ነው የኖረችው? በእጄ ያለችውን አሮጌ ሸክላ መሬት ላይ ልከሰክሳት አሰብኩ።

«ለምን አነሱት?» አለች እትዬ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ እጇን አጣጥፋ ቆማለች።

«ሕግ አለን። ክንዱ ከመጨረሻው በፊት አይነሳም። እርስዎ ነዎት ያወጡት።»

«ይቺማ ንጹሕ ናት» አለ ዶክተሩ። «ለናሙና ያህል ይበቃል። ያለአግባብ መርፌው ይበላታል።»

«ከዚህ ያለፈውን ሰምተውት ያውቃሉ?»

ዶክተሩ ነጩን ጨርቅ ማጠፍ ጀመረ። መምህሩ ጣቱን አንስቶ ወደሱ ዞረ። «ዶክተር? ሰምተዋታል?»

«አንዴ… ለማጣራት። እዚያች ቃል ድረስ። ንጹሕ ሸክላ ሙሉ አይጫወቱም፤ ይሄንን ሁላችሁም ታውቃላችሁ!»

እትዬ መጣች፣ በአጠገቡ አልፋ የማጫወቻውን ክንድ ያዘችና ሸክላዋ ላይ አስቀመጠችው። ዶክተሩ እጁን ዘረጋ፤ አላሳለፈችውም። ዘፋኟ ከቆመችበት ቀጠለች፦

«እምቢ አልልህም፣ እሺም አልልህም፣
መንገዱ የኔ ነው፣ አብረህ ና አልልህም…»

መጀመሪያ የሳቀው ሾፌሩ ነው። ሕጉን ረስቶ፣ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። መምህሩ ያነሳውን ጣት አወረደ። ጥሩምባው በላዩ ላይ ጮኸ፣ ከበሮው ተከተለ፣ መስታወቶቹ እንደዚያ ቀን ሲርገበገቡ ሰምቼ አላውቅም። የዶክተሩ ጆሮ ቀላ። በቁልፍ ቆልፎ ያኖራት ሸክላ ምን እንደምትል ከኛ ጋር አብሮ ገና አሁን መስማቱ ነበር።

አባቴ ነገሩ ከእጁ ሲያመልጥ አይቶ ተነሳ። «ዘፈን ነው! ዘፈን ምን ያገባዋል? እኛ የተነጋገርነው ሌላ ነው፤ ቁም ነገር ነው!»

«እውነት ነው» አለች እትዬ። ሙዚቃው ከኋላዋ እየተጫወተ ነው፤ አላስቆመችውም። «ዘፈኑን ተወው። የዘፈኑ ሴት የራሷን ተናግራለች። እኔን ጠይቀኝ።»

ዶክተሩ ዓይኑን ወደ አባቴ አዞረ።

«ወደሱ አትይ» አለችው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ያን ሰምቷል፤ እኔም ሰምቻለሁ። እትዬ ዶክተሩን «አንተ» ብላው አታውቅም ነበር። «የምትፈልገኝ እኔን ነው? እኔን ጠይቀኝ። በስሜ። በጭረት፣ በአቧራ፣ በጥርስ አይደለም።»

ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ያን ሁሉ ቀን ደረቴ ላይ የያዝኳት ሸክላ ማንም የሚፈልጋት ነገር አልነበረችም። ሊወስዱ የመጡት እትዬን ነው። ጥፍሮቼ የሸክላዋ ልባስ ውስጥ ገቡ።

ዶክተሩ አንገትጌውን ነካካ። ሰውየው ፈሪ ነበር ብዬ ለረጅም ጊዜ አውርቼበታለሁ፤ ግን እውነቱን ለመናገር ጠየቃት። በስሟ ጠራት። ድምፁ ቀጥኖ «ታገቢኛለሽ?» አላት፤ ሕዝብ ፊት፣ ወንድሟ ፊት፣ ሾፌሩ ፊት።

«እምቢ» አለች እትዬ።

አንዴ ብቻ። አልደገመችውም፣ ምክንያት አልጨመረችበትም፣ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ከኋላዋ ዘፈኑ ገና እየተጫወተ ነበር።

ዶክተሩ ባዶውን የሸክላ ልባስ ከጠረጴዛው ላይ አነሳ፣ በነጩ ጨርቅ መልሶ ጠቀለለው። ሸክላዋን ሊወስድ ወደ ማጫወቻው አንድ እርምጃ ሄደ።

«ገና አላለቀም» አለች እትዬ። «ደግሞ ስጦታ ናት አላልክም?»

ባዶ ልባሱን በብብቱ ይዞ ወጣ። ሾፌሩ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነከሰ፤ መምህሩ ኮፍያውን ፈለገ። ሁለቱም ጫማቸውን እያዩ ተከትለው ወጡ፤ ሾፌሩ ግን በሩ ላይ ዞር ብሎ «የሳምንት ሰው ይበለን፣ እመቤቴ» አላት። በሚቀጥለው እሑድ መጥቷል። መምህሩም ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ ያ ግጥም በአንድ ማሰሪያ ሦስቴ ታስሯል ብሎ ሲከራከር ከረመ። ዶክተሩ ግን ሁለተኛ አልመጣም።

ከኛ ጋር የቀረው አባቴ ነው። ፊቱ ተለዋውጧል። «ቃል ሰጥቼ! ሰው ፊት ነው ያዋረድሽኝ!»

«ቃልህን መስጠት ትችላለህ፣ ጋሼ። ያንተ ነው» አለችው። «እኔን ግን መስጠት አትችልም። የምሰጥ ዕቃ አይደለሁማ።»

«ማን ሊጦርሽ ነው? ይሄ ክፍል ያንቺ ብቻ ይመስልሻል?»

«አዎ። ይመስለኛል። አባባ ለኔ ነው የተወው፤ አንተም ታውቃለህ። መድኃኒት ቤቱን ሌላ ቦታ ፈልግለት።»

ይህንን ከየት እንደሰማች አላውቅም። አባቴም አላወቀም፤ በሩን እንዳለ ክፍት ትቶት ሄደ። እትዬ ሄዳ ዘጋችው።

ብቻችንን ስንሆን የምትስቅ፣ የምትጨፍር መስሎኝ ነበር። አልጨፈረችም። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ እጆቿን በጉልበቶቿ መሃል አጥብቃ ጨበጠቻቸው። ፈርታለች ብዬ አላሰብኩም፤ ደክሟት ነው አልኩ። ዛሬ ግን አውቃለሁ። ሌላ ቤት አልነበራትም። አባቴ ያን ቀን ውጪልኝ ቢላት፣ ክፍሉ የሷ ለመሆኑ ከአያቴ አፍ የወጣ ቃል እንጂ ሌላ ማስረጃ አልነበራትም። ይህን ሁሉ እያወቀች ነው ያን አንዲት ቃል የተናገረችው፤ እኔ ከሷ የወረስኩት ትልቁ ነገርም እሱ ነው። ማንም ንብረት ብሎ ባይቆጥርልኝ ግድ የለኝም።

«ዘፋኟ ዋሽታናለች?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ኧረ አልዋሸችም። እኛ ነን ጆሮ ያልነበረን።» እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ እያለቀሰች መሆኗን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። «ነይ፤ ከመጀመሪያው እንስማት። ጭራሽ ሳንናገር።»

አጠገቧ ተጠጋሁ። መርፌውን አስቀመጠች። ጥሩምባው ጀመረ፣ ጊታሩ ተከተለ፤ የማላውቀው የዘፈኑ ግማሽ ገና ከፊቴ ነበር። ዘፋኟ ወደ ሁለተኛው አዝማች ስትሻገር በሩ ተንኳኳ።

አባቴ ወደዚያ ክፍል ሲገባ አንኳኩቶ አያውቅም። ገፋ አድርጎ ነው የሚገባው፤ እትዬ መስታወት እየቆረጠች ብትሆንም፣ ልብስ እየለወጠች ብትሆንም። ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ መሰለኝ። ለካ አልነበረም፤ ገና ያላለቀ ንዴት ይዞ ነበር የመጣው፣ እናቴ ከበረንዳው ድረስ ክንዱን ይዛ ስትጎትተው ነበር። ግን አንኳኳ።

«ማነው?» አለች እትዬ። ማን እንደሆነ እያወቀች።

«እኔ ነኝ።»

እትዬ ማጫወቻውን አየች። ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አላለችም።

«ቆይ» አለችው። «አላለቀም።»

እጀታው ዞሮ እንደሆነ አየሁ። አልዞረም። በበሩ መስታወት ውስጥ የአባቴ ሰፊ ትከሻ ይታየኝ ነበር፤ ዘፋኟ የልቧን ተናግራ እስክትጨርስ ድረስ እዚያው ቆሞ ጠበቀ።